«ጥሩ ማለት ስንት ነው?»

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴን ይዤ እዚሁ አዳማ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመረች ቆይታለች፤ የደም ምርመራ ውጤቷን ልትሰማ ነበር። ነርሷ መዝገቡን አየችና «ጥሩ ነው፣ እንደዚሁ ቀጥይ» አለቻት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ጎረቤቴ ዞራ «ጥሩ ማለት ስንት ነው?» አለችኝ።

ነርሷን አልወቅስም። በሩ ላይ የነበረውን ወረፋ አይቻለሁ። ግን ቁጥሩ የጎረቤቴ ነው። ከእሷ ደም የተገኘ ነው። ልትሰማው ይገባል፤ ምን ማለት እንደሆነም ጭምር።

በነገራችን ላይ ቁጥሮቹ ሁለት ናቸው። ሲዲፎር የሚባለው ቫይረሱ ለይቶ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ብዛት ነው። ቫይራል ሎድ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን። እኔ በሮቶ ነው ያስረዳኋት። ሲዲፎር ሮቶው ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። ቫይራል ሎድ የቀዳዳው ስፋት ነው። ውሃው ዛሬ ብዙ ቢሆንም ቀዳዳው ከሰፋ ቶሎ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል፤ በሽታው በማን ላይ ቶሎ እንደሚገፋ ከሲዲፎር ይልቅ ቫይራል ሎድ አስቀድሞ ይናገር ነበር። መድኃኒቱ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ይህ ምርምር ለአዳማ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አጠገባችን ወንጂ፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ለኢትዮጵያና ኔዘርላንድ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በየጊዜው ደም ሲሰጡ ነበር። የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞችም እንዲሁ። ከዚያ ደም ትልቅ ነገር ተገኘ። ቫይረሱ የሌለበት ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ሲዲፎሩ ከኔዘርላንዳዊው ያነሰ ነው። ከመነሻው ዝቅ ማለቱም፣ ሰዎቹ በቫይረሱ ከተያዙ በኋላ በሽታውን አላፈጠነባቸውም።

ይህንን ስንቶቻችን እናውቃለን? «480 ነው የተባልኩት፣ አለቀልኝ» ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው አውቃለሁ። የለካው ራሱን በሌላ አገር ሰው መለኪያ ነበር። የወንጂ ሰዎች ደማቸውን የሰጡት ለእሱም ጭምር ነበር። ግን ማንም አልነገረውም።

አንዳንዱ ደግሞ «ሲዲፎር ዛሬ ምን ያደርጋል?» ይላል። እውነት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ሲዲፎሩ ስንትም ይሁን መድኃኒት እንዲጀምር ይመክራል። ይህ ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው። ነገር ግን ዘግይቶ የሚመጣ ሰው አሁንም አለ። ሲዲፎሩ ከ200 በታች ከሆነ ለቲቢና ክሪፕቶኮከስ ለሚባለው የማጅራት ገትር ዓይነት በጣም ይጋለጣል፤ ቶሎ መመርመር አለበት። መልኩን አይቶ ብቻ ይህን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሲዲፎር ይለካ። መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ኪት አልቋል እየተባለ አይታለፍ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ባጃጁን አዙረን ተመለስን። ነርሷ አልተቆጣችም፤ መዝገቡን ድጋሚ ገልጣ «ቫይራል ሎድሽ ከ50 በታች ነው» አለቻት። ከዚያ አረፍ ብላ ትርጉሙን ነገረቻት። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሷል። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እስከቀጠለች ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አታስተላልፍም።

ጎረቤቴ ዝም አለች። ከሁለት ዓመት በፊት የመጣላትን የትዳር ጥያቄ «ሰው አልበክልም» ብላ መልሳዋለች። ያኔም ውጤቷ «ጥሩ ነው» ነበር።

እስክሪብቶ ተውሳ ቁጥሩን የቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ላይ ጻፈችው።