ከገበሬ መሬት አይገዛም

ከሰንዳፋ ወጥተህ አንኮበር ተራራ ላይ ልትኖር እያሰብክ ላለኸው ወንድሜ፦ «ከገበሬ መሬት ግዛ፣ በሽማግሌ ፊት ውል ተፈራረም፣ በቃ ያንተ ነው» ያሉህ ሰዎች ተሳስተዋል። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ማውረስ ይችላል። ለተወሰነ ጊዜ ማከራየትም ይችላል። መሸጥ ግን አይችልም። ያ ወረቀት ሃምሳ ምስክር ቢፈርምበትም የመሬቱ ባለቤት አያደርግህም። እዚሁ በአዲስ አበባ ዳርቻ እንዲህ ባለ ውል ቤት ሠርተው የፈረሰባቸውን እናውቃለን። ልጆች ይዞ ሜዳ ላይ መቅረት በጣም ያማል፤ አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ አንድ ክረምት እከርማለሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ አንኮበር 40 ገደማ። የደጋውን ብርድና ጭጋግ ከነቤተሰብህ ታየዋለህ።

የእርሻ መሬት ከፈለግክ በኪራይ ያዝ። ውሉን ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግብ። ከመክፈልህ በፊት የይዞታ ደብተሩን እይ፤ ባልና ሚስት አብረው ከተመዘገቡበት ሁለቱም ይፈርሙ።