ባክአፑ ዛሬም 6 በመቶ ላይ ነው

አራት ቀን ሙሉ አንዲት አረንጓዴ መስመር ላይ አፍጥጬ ነው የከረምኩት። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ አዲሱን ላፕቶፕ ከሃርድ ዲስኩ ጋር አገናኝቼ ባክአፑን፣ ማለትም የፎቶዎቼን ሁለተኛ ቅጂ መገልበጡን፣ አስጀመርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ፒያሳ ያለችውን ፎቶ ቤቴን ስከፍት 6 በመቶ ይላል። ቅዳሜ ማታም 6 በመቶ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ብዬ ሳየው ቁጥሩም ጠፍቶ «በዝግጅት ላይ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። የምን ዝግጅት? ቆሟል ወይስ እየሠራ ነው? ሰው የልፋቱን ሁሉ አምኖ የሰጠው ማሽን ይህችን አንዲት ነገር እንኳ አይናገርም!

«ምን ያስቸኩልሃል?» ለምትሉኝ፣ የሚያስቸኩለኝ ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ መውጣት አልቻልኩም። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ የጠበቀኝ የተሰበረ በር፣ ባዶ ጠረጴዛና የተበጠሰ ገመድ ነበር። የስምንት ዓመት ሰርጉ፣ ኒካሁ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ ከኮምፒውተሩ ጋር ሄደ። ከወራት በኋላ አንዲት እናት ከቦሩ ሜዳ መጡ። የልጃቸውን የሰርግ ፎቶ ፈልገው ነው፤ ልጅቷ አርፋለች። የለኝም አልኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙና «አብሽር ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ» ብለው እኔኑ አጽናንተውኝ ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለተኛ ቅጂ የሌለው ፎቶ ካለኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የጠየቅኳቸው ሰዎች መልስ ደግሞ ይብሳል። «ኔትወርክ ነው» ይሉኛል። ዲስኩና ላፕቶፑ የተገናኙት ክንድ በማይሞላ ኬብል ነው፤ ኢንተርኔት ምን አገባው? ሌላው ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደሚገኝ ማከማቻ፣ ጫነው አለኝ። አስልቼዋለሁ። ያለኝ 700 ጊጋባይት ነው፤ የእኔ መስመር ፋይል ሲጭን በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቢሠራ 16 ቀን ይፈጃል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ።

ምክንያቱን ራሴው ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። ላፕቶፑ ለትንሽ ጊዜ ካልነኩት ይተኛል፤ እሱ ሲተኛ ባክአፑም ይተኛል። ለካ ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ ሁለቱም ተኝተው ነው ያደሩት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ቅጂውን ያቆማል፣ መብራቱ ሲመጣም ቶሎ አይቀጥልም። ይህን አስተካከልኩ፤ ጥቂት ፈቀቅ አለ። ቀጥሎ ያገኘሁት የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ለየፎቶው የሚያዘጋጃቸውን ጥቃቅን የማሳያ ምስሎች ነው፤ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ትልቅ ቪዲዮ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው ይከፈታሉ፣ ይጻፋሉ፣ ይመዘገባሉ፤ አንቲቫይረሱም እያንዳንዳቸውን አስቁሞ ይፈትሻል። ጤፍ በቁና መስፈር ሲቻል ፍሬ በፍሬ እንደ መቁጠር ነው። ቢጠፉ ፕሮግራሙ እንደገና የሚሠራቸው ስለሆኑ ከባክአፑ አስወጣኋቸው።

አሁንም ያዘግማል። በመጨረሻ ዓይኔ ኬብሉ ላይ አረፈ።

አዲሱ ላፕቶፕ ያለው ታይፕ ሲ መሰኪያ ብቻ ስለሆነ የድሮው ኬብሌ አልገባለትም፤ ስለዚህ ዓርብ ዕለት አዲስ ገዛሁ። ወፍራም ነው፣ በጨርቅ የተሸመነ፣ ጫፉ የሚያብረቀርቅ። ለሻጩ «ለሃርድ ዲስክ ነው» ብዬ በግልጽ ነግሬዋለሁ፤ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ሰጠኝ። የስልክ መሙያ ኬብል ነው! ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፤ መረጃ ግን ቢበዛ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው የሚያሳልፈው። ዲስኬ የተሠራበት ዩኤስቢ 3 የሚባለው የግንኙነት ዓይነት ደግሞ 5 ጊጋቢት፣ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። የመሙያውና የመረጃው ኬብል መልካቸው አንድ፣ አፋቸው አንድ፤ ማሸጊያው ላይ ስለ ፍጥነት አንዲት ቃል የለም። ገንዘቤ አይደለም ያንገበገበኝ። እኔ የምፈልገውን ተናግሬ፣ ከፍዬ፣ አራት ቀን ፎቶዎቹ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ተንጠልጥለው መክረማቸው ነው።

ሰኞ ትክክለኛውን ኬብል ከባልደረባዬ ተዋስኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አለቀ። አለቀ ስላለኝ ብቻ አላመንኩትም፤ ከቅጂው ላይ ያለፈውን ጥር አንድ ሰርግ ከፍቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሙሽራዋ አለች፣ እናቷም አጠገቧ አሉ።

ቅጂው ያለበትን ዲስክ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ላስቀምጠው አስቤ ነበር፤ ግን ያኔ ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የተያዙት። አክስቴ ሐሙስ አዲስ አበባ ትሄዳለች። በፎጣ ጠቅልዬ ለእሷ እሰጣታለሁ።