ማስተካከያ፦ በእንግሊዝ የውኃ አቅራቢ መቀየር የሚችለው ማን ነው?

ሰሞኑን በለንደን የሐበሻ ቴሌግራም ግሩፖች የሚዘዋወረው ጽሑፍ «ኦፍዋት (የውኃ ድርጅቶች ተቆጣጣሪው) ፈርሷል፤ ከእንግዲህ ማንኛውም ቤተሰብ የውኃ አቅራቢውን መቀየር ይችላል» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

የመንግሥት መግለጫ እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ይፋ የሆነው ተቆጣጣሪውን ኦፍዋትን በአዲስ አካል የመተካት ዕቅድ ነው። ይህ ደግሞ የሚፈጸመው በፓርላማ ሕግ ነው። አቅራቢ የመቀየር መብት የተሰጠውም፣ እ.ኤ.አ. በ2014ቱ የውኃ ሕግ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ለንግድ ቤቶችና ለመሰል ተቋማት ብቻ ነው። መኖሪያ ቤት አይመለከተውም። በስኮትላንድ የንግድ ገበያው የተከፈተው ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ስለዚህ ለመኖሪያ ቤታችሁ «እንቀይርላችሁ» ብሎ ለሚደውል ሰው የባንክ ቁጥር አትስጡ።

ምግብ ቤት ወይም ካፌ ያላችሁ ግን መቀየር ትችላላችሁ፤ ተአምር ብቻ አትጠብቁ። አዲሱ ድርጅት የሚረከበው ቆጣሪ ማንበቡን፣ ቢል መላኩንና የደንበኛ አገልግሎቱን ነው። ውኃውም ቧንቧውም በለንደን አብዛኛው ክፍል የውኃ ድርጅቱ የቴምስ ዋተር እንደሆነ ይቀራል፤ ከቢሉ አብዛኛው ገንዘብም ወደዚያው ይሄዳል። ቅናሽ የሚገኘው ከቀረችው ትንሽ ድርሻ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመቀየር ይልቅ የሚጠቅመው ቢሉ በግምት የተሠራ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው፤ በግምት ከሆነ ቆጣሪውን ፎቶ አንስታችሁ ቢሉን ለሚልክላችሁ ድርጅት ላኩ።