የአንድ ሌሊት ቅርስ

አርኪዮሎጂስቶች ያሳዝኑኛል። አንዲት ገል «ጥንታዊ» እስክትባል ድረስ ስንት ጊዜ ደጅ ያስጠኗታል! አፈሩን በብሩሽ ይጠርጋሉ፣ ንብርብሩን ይመዘግባሉ። አጠገቧ ከሰል ከተገኘ ላቦራቶሪ ይላካል። ከሰሉ ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የሚባል ንጥረ ነገር በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል ብለው ዕድሜውን ያሰላሉ። ያ ሁሉ ተለፍቶ መልሱ «ከዚህ እስከዚህ ባለው ጊዜ ውስጥ» ነው። ቁርጥ ያለ ነገር የለም።

ምናለ ባሕር ዳር መጥተው ቢሠለጥኑ?

እኛ ጋ ብራናው ማታ ጭስ ይሞቃል፣ የቡና አተላ ይቀባል። ጠዋት 400 ዓመት ሞልቶታል። ዕድሜው ደግሞ ሰው ያውቃል። ለፈረንጅ 400፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ እንግዳ 200 ነው። የሰፈር ልጅ ከጠየቀ «ተወው ባክህ፣ ትናንት የገባ ነው» ይባላል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ በወራት ውስጥ እንደሚያረጅ ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሱቅ የተሰቀለችው ክንድ የማትሞላ ታንኳ ግን ከቅድመ አያት የወረደች ናት። ደንገሏ ገና አረንጓዴ ቢሆንም።

ቡቲኮቻችንማ ሽልማት ይገባቸዋል። ሰልባጅ እየተባለ ሲታፈርበት የኖረ ጃኬት «ቪንቴጅ» ከተባለ ወዲህ ዋጋው አይቀመስም። ፋብሪካ ውስጥ በድንጋይ ታጥቦ የደበዘዘ፣ ጉልበቱ ተቀዶ የመጣ ጂንስም አለ። አርኪዮሎጂስት ቀዳዳ ሲያይ «ምን በላው?» ይላል። የእኛ ሻጭ «ሁለት ቀዳዳ ያለው ይሻልሃል፣ ትንሽ ጨምር» ይላል። እናቶች መርፌና ክር ይዘው እንዳይጠጉ ብቻ ይጠበቅ፤ በአንድ ጥፈት ስንት ብር ያከስራሉ!

እውነተኛ አሮጌ ነገርም በርግጥ አልጠፋም። በጀልባ ዘጌ የተሻገረ ሰው የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች ያያል። ምን ያደርጋል፣ አይሸጡም! ሴልፊ ከተነሣንባቸው ይበቃል። ደጅ ላይ ጭስ የሞቀው ብራና እየጠበቀን ነው።

ይህ ጥበብ የሚገለበጥበት አንድ ሰዓት አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ገዢው ይህን ሰምቶ ደንግጦ ይመለሳል። ነጋዴው ምንም አይመስለው። ደረሰኝ ይስብና «አዲስ፣ ዘንድሮ የተሠራ፣ ለማስታወሻ» ብሎ ይጽፍለታል። 400 ዓመት በአንድ መስመር እስክሪብቶ ይራገፋል።

ብሩ ግን አይመለስም።