«ትንሽ ፍጥነት ላምጣና እመዘገባለሁ»

የአክስቴ ልጅ መሮጥ ከጀመረች ስምንት ወር ሆኗታል። በሳምንት ሦስት ቀን ትወጣለች። ብርድም ዝናብም አያስቀራትም። አሁን 5 ኪሎ ሜትር ሳታቆም ትጨርሳለች። ባለፈው ስንገናኝ «ለምን አንድ ውድድር ላይ አትመዘገቢም?» አልኳት። ሳቀች። «ኧረ ወንድምዬ፣ እኔ እኮ ኤሊ ነኝ! 5 ኪሎ ሜትር 45 ደቂቃ ይፈጅብኛል። ትንሽ ፍጥነት ላምጣና እመዘገባለሁ» አለችኝ።

ይህችን አባባል ከብዙ ሰው ሰምቻታለሁ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ስላት ነበር። ስለዚህ ልወቅሳት አልችልም። ግን ተሳስታለች። በዚህች አባባል ምክንያት ስንት ሰው ከመነሻው መስመር እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከጀርባው ያለው የሰው ዓይን ፍርሃት ነው። መጨረሻ ብወጣስ? ሁሉም ሄዶ ብቻዬን ብቀርስ? እኔ ስደርስ ሰው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ባገኘውስ? ይህ ፍርሃት ተራ ነገር አይደለም። እኔን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የመጀመሪያ ውድድሬ 10 ኪሎ ሜትር ነበር። ኋላ መቆም እንደ ውርደት ስለታየኝ ተጋፍቼ ወደ ፊት ተጠጋሁ። ሩጫው ሲጀመር ከሕዝቡ ጋር ተነዳሁ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከግማሽ ጨረስኩት። በልምምድ ከ7 ደቂቃ ተኩል በታች ሮጬ አላውቅም ነበር። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎኔን ወጋኝ። ትንፋሼ ተቆረጠ። ቆምኩና መራመድ ጀመርኩ። ሰው በግራም በቀኝም ያልፈኛል። «ይኸው፣ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ቦታ የለውም» አልኩ በልቤ።

ያዳኑኝ ከኋላ የመጡት ናቸው። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አንድ ሽማግሌ ደረሱብኝ። ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ እንደገና ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ። ሰዓታቸውን እያዩ ይሄን ብቻ ይደግማሉ። «አይዞህ ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ በርረህ ነው» አሉኝ። ሳያዩኝ አወቁ። አብሬያቸው ሄድኩ። በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገባን። በሚቀጥለው ውድድር ከኋላ ቆምኩ፤ በራሴ እርምጃ ጀመርኩ፤ አንዴም ሳልራመድ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ጨረስኩ። እግሬ ያው እግር ነው። በመጀመሪያው ውድድር የጎዳኝ ቀስ ብሎ መሮጤ ሳይሆን ቀስ ብዬ መሮጤን መደበቄ ነበር።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ኬንያዊው ሯጭ ኬልቪን ኪፕቱም እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2:00:35 ሲጨርስ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ገደማ ሮጧል። በዚህ ሚዛን ከተለካን በሦስት ሰዓት የሚገባውም ጎበዝ ሯጭ ቀርፋፋ ነው። በስድስት ሰዓት የምትገባዋም ቀርፋፋ ናት። ታዲያ መስመሩ የት ነው የሚሰመረው? የስሜት ጥያቄ ይመስላል እንጂ አዘጋጆቹ በቁጥር መልሰውታል። የጊዜ ገደብ ይባላል።

የበርሊን ማራቶን 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሰጣል። ቶኪዮ 7 ሰዓት ይሰጣል፤ በመንገዱ ላይ ግን የየራሳቸው መዝጊያ ሰዓት ያላቸው ነጥቦች አሉ፤ እዚያ በሰዓቱ ያልደረሰ እንዲያቆም ይደረጋል። የሆኖሉሉ ማራቶን ጭራሽ የጊዜ ገደብ የለውም። ሰባት ሰዓት ማለት ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ የጎደለው ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። እርግጥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሙሉ እንደዚያ መሄድ ቀላል አይደለም፤ ለጀማሪም ማራቶን አልመክርም። ግን 5 እና 10 ኪሎ ሜትር ላይ ብዙ ውድድሮች እየተራመደ የሚገባውንም ሰው ይጠብቃሉ። የአክስቴ ልጅ በ45 ደቂቃዋ ከነዚህ ቀድማ ትገባለች።

ፍጥነት በእርግጥ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች አሉ። ቦስተን ማራቶን አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው በሌላ ማራቶን የተወሰነ ሰዓት ላሟላ ሰው ነው። እዚያ «ፍጥነት ላምጣና» ማለት ትክክል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የደረት ቁጥር ለሚለጥፍ ሰው ግን ይህ ጉዳዩ አይደለም።

«ፍጥነት ላምጣ» የሚለው ሐሳብ ሌላም ጉዳት አለው። ልብና ሳንባ ልምምድን በሳምንታት ውስጥ ይለምዱታል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ጀማሪ ሰው ሦስት ወር ሲሮጥ ትንፋሹ ይስተካከልለታል፤ «አሁንማ እችላለሁ» ብሎ ይጨምራል። ያኔ ነው የቅልጥሙ አጥንት የሚጠዘጥዘው፣ ጉልበቱ የሚያብጠው። ለውድድር ብቁ ልሁን ብለው ለፍጥነት ሲጣደፉ ተጎድተው ሩጫን እርግፍ አድርገው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ቀስ ብሎ መሮጥ ለጀማሪ ትክክለኛው ልምምድ ነው። እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው ይባላል። ትላልቅ አትሌቶችም ቢሆኑ አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የሚሮጡት ለእነሱ ቀላል በሆነ ፍጥነት ነው።

እየሮጡ መራመድም ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ለአሜሪካ የሮጠው ጄፍ ጋሎዌይ በኋላ ዕድሜውን የሰጠው ለዚሁ ነው። ጀማሪዎች ሳይደክሙ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ በደቂቃ ቆጥረው ሩጫና እርምጃ እንዲያፈራርቁ አስተማረ። እኔን ያዳኑኝ ሽማግሌ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ስለ መጨረሻ መውጣት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የታንዛኒያው ጆን ስቴፈን አክዋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ማራቶን ማሞ ወልዴ በ2:20:26 አሸነፈ። አክዋሪ በመንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። እግሩ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ጨለማው ውስጥ እያነከሰ፣ ከማሞ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ስታዲየም ገባ። ከጨረሱት 57 ሯጮች የመጨረሻው ነበር። ከዚያ በፊት በሁለት ኦሎምፒኮች ያሸነፈው ታላቁ አበበ ቢቂላ በዚያ ቀን በእግር ጉዳት አቋርጦ ወጥቷል። ከጨረሱት ዝርዝር ውስጥ የአክዋሪ ስም አለ፤ የአበበ የለም።

ታሪኩን እወደዋለሁ። ለጀማሪ ሲነገር ግን ቅር ይለኛል። አክዋሪ ቀርፋፋ አልነበረም፤ የተጎዳ ጎበዝ አትሌት ነው። ጀማሪ ሰው ጉልበቱ ከተጎዳ ማቆም አለበት። ከአክዋሪ ታሪክ እኔ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። የውጤት ዝርዝር 57ኛውንም ሰው ይጽፋል። አንደኛው የሮጠው 42 ኪሎ ሜትር፣ መጨረሻው የሮጠውም 42 ኪሎ ሜትር ነው።

ሆኖም «ፍጥነት ምንም ለውጥ የለውም» ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው መንገድ ላይ የሚቆየው ረጅም ሰዓት ነው። ፈጣኑ ፀሐይ ሳይበረታ ሲገባ እሱ ሙቀቱ ውስጥ ነው። ውኃም ሊያታልለው ይችላል። ከ2002ቱ የቦስተን ማራቶን 488 ሯጮች ደም ተወስዶ በተሠራና በ2005 በታተመ ጥናት፣ 13 በመቶዎቹ የደማቸው የሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) መጠን ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ይህ ሕይወት እስከማሳጣት የሚደርስ ችግር ነው። በብዛት የታየው ብዙ ፈሳሽ ጠጥተው ክብደታቸው በጨመረ ሯጮችና ከ4 ሰዓት በላይ በፈጀባቸው ላይ ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። ቀስ የሚል ሰው በየውኃው ጣቢያ ቆም ብሎ መጠጣት ይችላል፤ «ውኃ ጠጡ» የሚለውንም ምክር በደንብ ሰምቷል። ለረጅም ሩጫ ስትዘጋጁ ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ባገኛችሁት ጣቢያ ሁሉ በግድ አትጠጡ።

ቦታ አያያዝም አለ። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው መነሻው ላይ ከኋላ ይቁም። መራመድ ሲፈልግ ወደ ዳር ይውጣ፤ በድንገት መሀል መንገድ ላይ አይቁም። ከኋላ በመነሳቱ ደግሞ የሚቀርበት ነገር የለም። ቺፕ (ሯጩ የሚይዘው ሰዓት መቁጠሪያ መሣሪያ) ያለው ውድድር ከሆነ የእያንዳንዱ ሰው ሰዓት የሚቆጠረው የመነሻውን መስመር ከረገጠበት ጀምሮ ነው። የጊዜ ገደቡ ግን አንዳንድ ቦታ የሚቆጠረው ከማስጀመሪያው ተኩስ ስለሆነ ከመመዝገብ በፊት የውድድሩን ደንብ ማንበብ ግድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያነብ ይመዘገባል፤ ከዚያ መንገድ ላይ ሲያስቆሙት በራሱ ያፍራል። ማፈር አልነበረበትም። ለእሱ ያልተዘጋጀ ውድድር መርጦ ነው።

እስካሁን ስለ ሯጩ ተናገርኩ። ትልቁ ቅሬታዬ ግን አዘጋጆች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በለንደን ማራቶን ከኋላ የነበሩ ሯጮች በመንገድ ጠራጊ ሠራተኞች መሰደባቸውን፣ የውኃ ጣቢያዎችም ሳይደርሱባቸው መነሳታቸውን ተናገሩ። ከነሱ መካከል ማራቶኑን በ7 ሰዓት ተኩል መጨረስ የሚፈልጉ እንዲከተሏት በውድድሩ በራሱ የተመደበች አሯሯጭ ነበረች። በታቀደላት ሰዓት እየሄደች ነው መንገዱ ከፊቷ የፈረሰው። የውድድሩ ዳይሬክተር ይቅርታ ጠየቀ። መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔ ግን ከይቅርታው በፊት ያለውን ነገር ነው የማስበው። አንድ አዘጋጅ «8 ሰዓት እጠብቃለሁ» ካለ ስምንተኛው ሰዓት ድረስ ውኃ፣ ሐኪምና ሜዳሊያ ይኑር። ካልቻለ 5 ሰዓት ብሎ በግልጽ ይናገር፤ ማንም አይቀየምም። ከኋላ ያለው ሰው የከፈለው ከፊት ካለው ጋር እኩል ነው። ውኃው የሚያስፈልገው ደግሞ ለእሱ ይበልጣል።

ይህ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው። ፓርክራን የሚባለው ሩጫ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 በለንደን ቡሺ ፓርክ በ13 ሯጮች ተጀመረ። ዛሬ በብዙ አገር ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች 5 ኪሎ ሜትር በነፃ ይሮጣሉ። አዘጋጆቹ ራሳቸው ውድድር አይሉትም። እዚያ ከሁሉም ኋላ የሚራመድ አንድ በጎ ፈቃደኛ አለ። ሥራው መጨረሻ መውጣት ብቻ ነው። በዚህ አንድ ሰው ምክንያት ማንም ተሳታፊ መጨረሻ አይወጣም፣ ማንም ብቻውን አይቀርም። በጣም ቀላል ሐሳብ ነው፤ ወጪም የለውም። እያንዳንዱ የ5 እና የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር እንዲህ ያለ ሰው ቢመድብ ደስ ይለኛል። ሰው ካጡ እኔ አለሁ፤ ከምሬ ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ አላመነችኝም መሰለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ደወለች። አንድ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር አግኝታለች። ስለ ፍጥነቷ ምንም አላነሳችም። «ደንቡን እያነበብኩ ነው» አለችኝ፤ «ሁለት ሰዓት ይላል። የሚቆጠረው ከተኩሱ ነው ወይስ መስመሩን ከረገጥኩ በኋላ?»