የተረጨበትን ንገሩኝ ማለት ምኑ ያስቃል?

ከአበባ መሸጫው ባዶ እጄን ገና መመለሴ ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ባጂዎቼን፣ ማለትም ትንንሾቹን የቤት በቀቀኖቼን፣ ወደ ሰፊው ኬጅ (የወፍ ቤት) ካዛወርኳቸው ወዲህ ውስጡን በሕያው ተክል ለማልበስ ደፋ ቀና ስል እንደከረምኩ ታውቃላችሁ። ዛሬ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ተክል ምን ይባላል፣ ምንስ ተረጭቶበታል? ለዚህች ጥያቄ በሰው ፊት መሳቂያ ሆኜ መጣሁ።

ሻጩ መጀመሪያ ያነሳልኝ ሰፋፊ ቅጠሉ በነጭና በአረንጓዴ የተዥጎረጎረውን ዲፈንባኪያ ነበር። ስሙን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እርሱ «የሳሎን ቅጠል» ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። የዚህ ተክል ቅጠልና ግንድ በዓይን በማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች የተሞላ ስለሆነ፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ቢያኝከው አፉ ይቃጠላል፣ ምላሱም ያብጣል። ባጂ ደግሞ አጠገቧ ያለውን ቅጠል በመንቆሯ ሳትቦጭቅ አትውልም፤ መላ ክብደቷም ከ30 እስከ 40 ግራም ቢሆን ነው። በየሳሎኑ የሚንጠለጠሉት ፖቶስና ፊሎደንድሮንም ያው አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ተመሳሳይ መርፌ አላቸው።

«ወንድሜ፣ ይህ ወፎችን ይጎዳል፤ ሌላ አሳየኝ» አልኩት።

«ማዘር፣ ለወፍ ነው እንዴ የሚገዙት?»

«አዎ፣ ኬጃቸው ውስጥ ላደርግላቸው ነው።»

«ታዲያ ወፍ የሚጎዳትን አታውቅም? ጫካ ውስጥ ማን ይመርጥላታል?»

ጫካ ውስጥ ያለችው ወፍ ከእናቷና ከመንጋዋ እያየች ታድጋለች፣ ያልጣማትን ትታ ወደ ሌላ ዛፍ ትበርራለች። የኔዎቹ ግን ከአያት ቅድመ አያታቸው ጀምሮ ኬጅ ውስጥ የተፈለፈሉ ናቸው፤ በፊታቸው ያለው እኔ ያስቀመጥኩላቸው ብቻ ነው፤ የሚበርሩበት ሌላ ዛፍ የላቸውም። ይህንን ረጋ ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። እየሰማኝ እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር።

«እሺ፣ ምን ተረጭቶበታል?» ብዬ ቀጠልኩ።

«እሱን አያስቡ ማዘር፣ ጠንካራ መድኃኒት ነው የረጨነው። ክሽክሽ በሉት፣ ትል በሉት፣ አይጠጋውም!»

«ትልና ክሽክሽ የሚገድል መድኃኒት ወፍ አይገድልም?»

«ትል ሌላ፣ ወፍ ሌላ።»

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ገበያተኞች ዞር አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኚህ እናት ለወፋቸው ሳሎን ሊያሳምሩ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቁ። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ደግሞ ጭራሽ ወደኔ ተጠግቶ፣ «ሰው የሚበላው አጥቶ እያደረ እርስዎ ለወፍ ይጨነቃሉ?» ሲል ገሠጸኝ። ሰውዬው በሁለት እጁ አበባ ታቅፎ ነበር፤ ያም አበባ የተራበ አያበላም። ለቤቱ ማማር አበባ መግዛት ለእርሱ ከተፈቀደ፣ በእጄ ያለች ፍጥረት ተመርዛ እንዳትሞት መጠየቅ ለእኔ ስለምን ነውር ይሆናል? ይህንን ልመልስለት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን እንባዬ ስለቀደመኝ ዝም አልኩ።

ሻጩ በዚህም አልበቃውም። «ቅጠል ብቻ ከሚሆንብዎት፣ ፍሬም የሚሰጥ ልስጥዎት» ብሎ የአቮካዶ ችግኝ አመጣልኝ። ለበቀቀን ዘር የአቮካዶን ያህል ክፉ ነገር ጥቂት ነው፤ በቅጠሉም በፍሬውም ያለው ፐርሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የወፍን ልብ የሚያጠቃ ሲሆን፣ ባጂን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለእኛ ጁስ የሆነው ለእነርሱ ሞት ነው። ይህን አለማወቁን አልቀየምበትም፤ ከየት ይማረዋል? የቆጨኝ አለማወቁ ሳይሆን፣ እያወቀች የምትጠይቀውን እንደ እብድ መቁጠሩ ነው።

በዚያው ላይ፣ «አጥበው ያስገቡት፣ ይለቃል» የሚል ምክር ጨመረልኝ። ከሚረጩት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ እኮ በሥርና በቅጠል ገብተው በተክሉ ውስጥ የሚዘዋወሩ ናቸው፤ ላዩን ቢያጥቡት፣ ቢፈትጉት አይለቁም። አፈሩም ቢሆን ማዳበሪያ ያለበት ስለሚሆን ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት፤ እርጥብ ሆኖ ሲቆይም ሻጋታ ያበቅላል፣ የሻጋታው ብናኝ ደግሞ የወፍን ሳንባ ያጠቃል። ለዚህ ነው አዲስ ተክል ሲመጣ አፈሩን ለውጬ፣ አሮጌው ቅጠል ረግፎ አዲስ እስኪያወጣ ለብቻው አስቀምጬ፣ የማሰሮውን አፍ እንዳይጭሩት በትልልቅ ጠጠር ሸፍኜ የማስገባው። ይህ ሁሉ ልፋት ግን ምን እንደተረጨ የሚነግረኝ ሰው ከሌለ ከንቱ ነው።

«ለምን ፕላስቲክ አበባ አታደርጊም?» የምትሉኝ አላችሁ። በልደቴ ቀን እንዲያውም ያመጣችልኝ ወዳጅ አለች፤ ፍቅሯን አከብራለሁ። አበባው ግን ውስጡ ሽቦ፣ ቅጠሉ ጨርቅ ነበር፤ ክሩ ተተርትሮ እግር ላይ ሲጠመጠም ደም ያግዳል፣ ሲዋጥም ጉሮሮ ይዘጋል፤ ሽቦው ዚንክ ከተቀባ ደግሞ ሌላ መርዝ ነው። አመስግኜ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አኖርኩት፤ እስከዛሬ ባየችኝ ቁጥር ታኮርፈኛለች።

የወንድሜ ሚስት ደግሞ ባለፈው ቡና ስታፈላ ከሰሉንና ዕጣኑን ከኬጁ ሥር አደረገችው። እባክሽን ወዲያ አድርጊልኝ ስላት፣ «ይኸው ቅጠል አድርገሽላቸው የለ? ቅጠሉ አየሩን ያጠራዋል» አለችኝ። ሁለት ማሰሮ ቅጠል የከሰል ጭስ አያጠራም። ወፍ አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም ኦክስጂን የምትወስድበት ሳንባ ስላላት፣ በአየር ውስጥ ያለ መርዝ ከሰው ቀድሞ ይጥላታል። የእንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ከከሰል የሚወጣውን ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ አስቀድማ እንድትጠቁማቸው ነበር። ይህን ስነግራት «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ብላ ተነሥታ ሄደች፤ ቡናው ሁለተኛው እንኳ አልተጠጣም።

ወፍ ቅጠል ምን ያደርግላታል ለምትሉ፣ እስቲ አንድ ቀን መጥታችሁ እዩአቸው። ጠዋት ውኃ አርከፍክፌበት የማስገባውን የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ሲያዩ ይንጫጫሉ፤ ሴቷ በእርጥቡ ቅጠል ላይ ደረቷን እያሸች፣ ክንፏን እያራገበች ትታጠባለች፣ ወንዱ ልጡን በቀጭን በቀጭኑ እየላጠ ይውላል። ባህር ዛፍና ባጂ የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከአውስትራሊያ የመጡ፣ ባጂም በዱር ሳለች የምትፈለፍለው በባህር ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ዛፉን በአፄ ምኒልክ ዘመን አምጥተን አዲስ አበባን አለበስንበት፣ ወፏ ግን በለሰለሰ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እስክታረጅ ትቀመጥ ዘንድ ፈረድንባት። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ የቆመች ወፍ የእግሯ መዳፍ ይቆስላል፤ የምትቦጭቀው ያጣች ወፍ የራሷን ላባ እስከመንቀል ትደርሳለች። የእኛዋ ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ በቀቀን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በየትም የማትገኘው፣ በጥድና በኮሶ መካከል እየኖረች የጥድ ፍሬ ትለቅማለች፤ ለእርሷ ቅጠል ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ ይንገረኝ።

እኔ ከሻጭ የእጽዋት ሊቅነት አልጠብቅም። በማሰሮው ላይ የተክሉ ስምና የተረጨበት መድኃኒት የተጻፈባት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብትለጠፍ ይበቃኛል። ወፍ ላለው ብቻም አይደለም፤ እየዳኸ ያገኘውን ወደ አፉ የሚከት ሕፃን በየቤቱ አለ፣ ድመትም ውሻም አለ። ስንቱ ሰው ዲፈንባኪያውን ከሕፃን አልጋ አጠገብ አቁሞ እንደሚያድር ሳስበው እናደዳለሁ፤ ለመናደድም ደከመኝ።

ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልሄድም። ለጊዜው ኬጁ ውስጥ ከራሴ ጓሮ የቆረጥኩት በሶብላና ድንብላል፣ እንዲሁም የባህር ዛፉ ቅርንጫፍ አለ። ስፓይደር ፕላንት ወይም ቦስተን ፈርን ያላችሁ፣ ቢያንስ ካለፈው ክረምት ወዲህ ምንም ያልረጫችሁበት ከሆነ፣ ከግንዱ የምትነጥሉት ልጅ ካለው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማሰሮና አፈር እኔ ይዤ እመጣለሁ።