ምስጋና ለመጀመሪያው አልበም ዘበኞች

አንድ የኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ የበቀለ የሮክ ዘውግ) ባንድ አዲስ አልበም ባወጣ ቁጥር የሚያሳስበኝ የእናንተ ጤና ነው፣ ከመጀመሪያው አልበም ፈቀቅ ማለትን የማትፈቅዱ፣ የመጀመሪያው አልበም ዘበኞች ሆይ። ሌላው ሲተኛ እናንተ ነቅታችሁ ትጠብቃላችሁ። አልበሙ 45 ደቂቃ ነው፤ ፍርዳችሁ ግን በ12ኛው ሴኮንድ ያልቃል፦ «ተበላሽተዋል!» ከበሮው ገና አልገባም፤ ዘፋኙም አፉን አልከፈተም። የተሰማው የሲንተሳይዘር፣ የዚያ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ፣ እምታ ብቻ ነው። ዳኞች ከእናንተ ቢማሩ ኖሮ በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ባልተከመረ።

የዘር ሐረጋችሁም የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ያለ ኤሌክትሪክ በሚጫወተው የፎክ ዘፈኑ የታወቀው አሜሪካዊው ቦብ ዲላን በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ ሲወጣ የጮኹበት አያቶቻችሁ ናቸው። በዓመቱ ማንችስተር ውስጥ ከታዳሚው አንዱ ዲላንን «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ዲላን ሠላሳ ብር ቀርቶ አንድ ብር አልተቀበለም፤ ያደረገው የጊታሩን ገመድ መሰካት ነበር።

የእንግሊዙ ባንድ ሬዲዮሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ጊታሩን ገሸሽ አድርጎ ወደ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ሲያዘነብልም ተቆርቋሪ አላጣም። አልበሙ በብሪታንያም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ይህ እንግዲህ የገዢው ጥፋት ነው።

ከሁሉ ከሁሉ በእንግሊዙ የሮክ ባንድ በአርክቲክ መንኪስ ያዘናችሁት ሐዘን ልቤን ይነካዋል። ዘፋኙ አሌክስ ተርነር ለ30ኛ ልደቱ ፒያኖ ተሰጠው። ፒያኖ የተሰጠው ሰው ምን ያድርግ? ቁጭ ብሎ ነካካው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አልበም ከዚያ ተወለደ። እናንተ ግን በ20 ዓመቱ ሲጮህ የሰማችሁትን ጎረምሳ በ32 ዓመቱም እዚያው እንዲቆምላችሁ ፈለጋችሁ። ታማኝነት ማለት ይህ ነው! እናንተ ራሳችሁ በዚያ ዘመን ትለብሱት የነበረውን ሱሪ ዛሬም እንደምትለብሱ አልጠራጠርም።

በዚያ ላይ ሚዛናችሁ አይዛባም። ሁለተኛው አልበም የመጀመሪያውን ከመሰለ «ራሳቸውን ደገሙ»፤ ካልመሰለ «ራሳቸውን ካዱ»። ለሙዚቀኛው የቀረለት መንገድ አንድ ነው፤ ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ዝም ማለት።

ከእናንተው ወገን የሆነ አንድ ወዳጄ አለኝ። የአንድ ባንድን ሦስተኛ አልበም «ቀብራቸው» ብሎት ነበር። ባለፈው የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ሲያንጎራጉር ደረስሁበት። ዜማው ያ የቀብሩ ዜማ ነበር። አንዱን ማዳመጫ ነቅዬ «ይህን አይደል የምትጠላው?» አልሁት።

«ይህማ የድሮ ሥራቸው ነው» አለኝ፣ ቅር ብሎት። «ትናንት አራተኛውን አውጥተዋል። 12 ሴኮንድ ሰማሁት፤ ተበላሽተዋል።»